የዳኛው መነጽር

ለውድ እህቴ፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሌላውን እንደፈለግሽ ታነቢዋለሽ። አባባ በሕይወት አሉ። ይህን ስጽፍልሽ ከጀርባዬ ተቀምጠው የአንድ አሮጌ ወንበር ሚስማር በፒንሳ እየነቀሉ ነው፤ የተጣመመ በገጠማቸው ቁጥር የመታውን ሰው እጅ ይረግማሉ። የሞተው ዳኛው ነው። ዳኛው ስልሽ ደግሞ ውሻው፣ ባለ ጭራው፣ አንቺ በሹራብሽ ጠቅልለሽ ያመጣሽው ነው። መልእክታችንን የሚያመላልሰው ሹፌር ጡሩምባ ደርሶ ሌላ ነገር አሰምቶሽ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የእኔ ነው። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ትንፋሽሽን ሰብስቢ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ እታለም። እንደምን ከረምሽ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? ባለቤትሽስ፣ መንገዱ እንዴት ይዞታል? ትልቋ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ትንሹስ አሁንም ጫማ አላደርግም እያለ ያንገላታሻል? እኔ ደህና ነኝ ማለት ይቻላል። ሰውነቴ ደህና ነው፣ ልቤ ግን ተሰብሯል። ሰው ለውሻ ብሎ እንዲህ ይሆናል ብሎ የነገረኝ ስለሌለ ሳልዘጋጅ ነው የያዘኝ። የሶፋ ሱቃችን እንደተውሽው ነው። በሩ አሁንም ከፍ አድርገው ካልገፉት አይዘጋም። ስፌት መኪናሽም በነበረበት ጥግ ነው፤ እኔ እሰፋበታለሁ፣ ግን መስመሩ እንዳንቺ ቀጥ ብሎ አይሄድልኝም፤ አባባም ይህን ሳያነሱ የዋሉበት ቀን የለም።

ይህ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ከጻፍኩልሽ ሁሉ ይከብደኛል። ሦስታችንም እያወቅነው አንድም ቀን ከአፋችን ያላወጣነውን ነገር ዛሬ ማውጣት አለብኝ። ዳኛው ስለሌለ በእሱ ማሳበብ አልችልም።

የወጣሽበትን ቀን አልረሳሽውም። አባባ፣ ለዚያ ሹፌር ብለሽ ከዚህ በር ከወጣሽ ልጄ አይደለሽም አሉሽ። አንቺ ሻንጣሽን መሬት አስቀመጥሽና ተንበርክከሽ የዳኛውን አንገት አቀፍሽ። ብርድ እንዳይመታህ፣ ምግብህን በሰዓቱ ብላ፣ አቧራው ሲበዛ ወደ ደጅ ወጣ በል አልሽው። ውሻ ምግብህን በሰዓቱ ብላ ተብሎ ሲመከር ያኔ ብቻ ነው ያየሁት። አባባ ከኋላሽ ቆመው ነበር። ነግሬሽ አላውቅም እንጂ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳቸውን በሰዓቱ ነው የሚበሉት። አቧራው ሲበዛ ወጣ ማለቱን ግን እምቢ አሉ፤ ምነው እሱንም በሰሙሽ።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲመጣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አባባ መቀስ ይፈልጉ ነበር፣ መቀሱ በእጃቸው እያለ። ስለ ቤትሽ ጻፍሽ፣ ስለ ጎረቤቶችሽ ጻፍሽ፣ ስለ እኔ ጠየቅሽ። አባባ እንዴት ናቸው የሚል ቃል አልነበረበትም። መጨረሻው ላይ ብቻ፣ ዳኛው እንዴት ነው፣ ይበላል ወይ፣ ይተኛል ወይ፣ ጉልበቱን አያመውም ወይ ብለሽ ነበር። ዳኛው ያኔ ገና ጎረምሳ ነው፣ እንደ ፌንጣ ነበር የሚዘለው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባባ ነበሩ። አባባ መቀሱን አስቀመጡና፣ ይበላል በላት፤ ጉልበቱም በብርድ ጊዜ ካልሆነ ብዙ አያስቸግረውም በላት አሉኝ። እንዳሉኝ ጻፍኩ። እንግዲህ እንዲህ ነው የተጀመረው።

ሲቆይ እናንተ ለመዳችሁት፤ እኔ ግን አንዳንድ ቀን ሳቄን መያዝ ያቅተኝ ነበር። አባባ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሲሆኑ፣ ዳኛው ዓይኑን ታክሟል፣ አሁን የሚያስቸግረው የቅርቡ ነው ብለህ ጻፍ አሉኝ። አንቺም አላፈርሽም፤ መነጽር ገዝተሽ፣ ለዳኛው ስጥልኝ ብለሽ በጡሩምባ ላክሽ። ዳኛው አሸተተውና ፊቱን አዞረ። አባባ ከማኅደሩ አውጥተው፣ አገላብጠው አዩትና፣ ለእሱማ ይሰፋዋል አሉ። ከዚያ ወዲያ ከፊታቸው አልወረደም። ደንበኛ ሲመጣ፣ የሰው ነው፣ ተውሼው ነው ይላሉ። በኋላ የላክሽው ሹራብም እንደዚሁ ነው። እጅጌ ያለው፣ ቁልፍ ያለው፣ ደረቱ ላይ ኪስ ያለው ሹራብ ለውሻ የላከች ሴት ካንቺ በቀር አላውቅም።

ትልቋን ስትወልጂ የጻፍሽው ደብዳቤ አጭር ነበር። ለዳኛው ንገረው፣ ሴት ናት፣ ሁለታችንም ደህና ነን ነበር ያልሽው። አባባ መዶሻውን አስቀመጡ፣ የያዟቸውን ሚስማሮች ከአፋቸው አንድ በአንድ አወጡ፣ ሄደው ዳኛው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሰማህ፣ ሴት ናት አሉት። ጆሮውን ሲያሹለት ቆዩና ተነሥተው ወጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። አቧራ ነው አሉኝ። እኔም አዎ፣ ዛሬ አቧራው በዝቷል አልኩ።

አምና ትልቋ በደብዳቤሽ ጀርባ የሳለችውንስ ታስታውሻለሽ? መነጽር ያደረገ፣ ሹራብ የለበሰ ሽማግሌ፣ ከሥሩም በዚያ በተንጋደደ ጽሑፏ አያታችን ዳኛው የሚል። በቤትሽ ዳኛው ማን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አባባ ሥዕሉን ከስፌት መኪናሽ በላይ ግድግዳው ላይ በሶፋ ሚስማር መቱት። ዙሪያውን ነው የመቱት፤ ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ግድግዳውና ያ ወረቀት አይለያዩም።

ስለ ራሱ ስለ ውሻውም ልጻፍልሽ። ምስኪን፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ወሬ ሲሸከም ኖሮ፣ በሞቱ እንኳ ስለ እሱ የሚጽፍለት እንዳያጣ። ያመጣሽው ዕለት አባባ ይህን ቁንጫም አውጪልኝ ብለው ጮኹብሽ። እሱ ከእጅሽ አምልጦ አንዱ አዲስ ሶፋ ላይ ወጣ፣ ዞር ዞር አለና ወረደ። ሌላኛው ላይ ወጣ፣ ዞር ዞር አለና ተኛ። አባባ የመጀመሪያውን ለምን ናቀው ብለው ቢቀመጡበት አንድ የተንጋደደ የሽቦ ሞላ ወጋቸው። ሞላውን ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ዳኛው ሆነ፤ እሱ ሳይተኛበት ከሱቃችን የወጣ ሶፋ የለም። ፀጉሩን ከከፋይ ጨርቅ ላይ መልቀም የእኔ ሥራ ሆነ፣ ስንት ጊዜም ተማርሬበታለሁ። ትናንት አንድ የደንበኛ መከዳ ላይ አንድ ነጭ ፀጉሩን አየሁና ለመልቀም እጄ አልታዘዝ አለኝ። እንዳለ ይሂድለት።

ብርዱ ከገባ ወዲህ የኋላ እግሮቹ ከዱት። ጆሮው መስማት አቆመ፤ ዓይኑም ስለደከመ ከጠረጴዛው እግር ጋር ይጋጭ ነበር። ይህን አልጻፍኩልሽም፤ እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ? ዳኛው መነሣት አቅቶታል ብዬ ብጽፍ ምን እንደሚመስልሽ አውቃለሁ። ስለዚህ እውነተኛው ዳኛው ሲታመም እኔ ዝም አልኩ፤ የሚላክለት መድኃኒት ሳይኖር፣ የሚጠይቀው ሳይኖር ነው ያረጀው። ሶፋ ላይ መውጣት ሲያቅተው አባባ አቅፈው ያወጡት ነበር፣ እየሳሉ፣ በየመሃሉ እያረፉ። አንድ ቀን አንዲት የጥርስ ሐኪም ያሠሩትን ሶፋ አረጠበው፤ ሐኪሟ ሲመጡ አባባ ሳይስቁ፣ ማጣበቂያ ፈሶበት ነው፣ አዲስ እናለብሰዋለን አሏቸው።

በመጨረሻ ምግቡን ሲተው የእንስሳት ሐኪሙን ጠራሁት። ጎረምሳ ነው፣ ግን እጁ ለስላሳ ነው። የዳኛውን ደረት ሲያዳምጥ አባባን ከወዲያ ጥግ ሳል ያዛቸው። ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወጣ ወደ እሳቸው ዞሮ ቆየ። እርስዎስ ታይተዋል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አባባ የመጣኸው ለእሱ ነው አሉት። እኔን ደጅ አውጥቶ ነገረኝ፤ ውሻው እየተሠቃየ ነው፣ ከዚህ በኋላ የምታቆዩት ለራሳችሁ ብላችሁ እንጂ ለእሱ ብላችሁ አይደለም፣ በመርፌ ሳያመው እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል አለኝ። ለአባባ ነገርኳቸው። ትንሽ ቀን ስጠኝ፣ የጀመርኩት ሥራ አለ አሉ።

የጥርስ ሐኪሟን ሶፋ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ጣውላ መርጠው ራሳቸው ላጉ፣ ደህና ደህናውን ሞላ ለዩ፣ የኔን እጅ እንኳ አላስነኩም። ትንሽ ሶፋ ነው የሠሩት፤ ዝቅ ያለች፣ እግር የከዳው ውሻ ሊወጣባት የሚችል። የሚያለብሷትን ሲያወጡ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያ ወይን ጠጅ ከፋይ ትዝ ይልሻል? ላንቺ ጎጆ መውጫ ተብሎ የተገዛው። ስንቴ ለደንበኛ እንስጠው ስላቸው፣ ባለቤት አለው ብለው መልሰው ያስቀመጡት። ከዳር ጥቂት ቆረጡ፣ የቀረውን እንደነበረ ጠቀለሉት። ሁልጊዜ አብሮሽ የነበረ እሱ ስለሆነ ትፈቅጂለት ነበር ብለው ይሆናል። እኔ አልጠየቅኋቸውም።

ሶፋዋ ስታልቅ ዳኛውን ፊቷ አቆምነው። አሸተታት። የፊት እግሮቹን አወጣ፣ የኋላዎቹን አባባ ደገፉለት። እንደ ድሮው ዞር ዞር ሊል ሞከረ፤ ግማሹን ዞሮ ደከመውና ተኛ፣ አገጩንም ጠርዙ ላይ አሳረፈ። አባባ ከጎኑ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ፈረደልን አሉኝ። ብዙ ጊዜ ሲስቁ ስላላየኋቸው ፈገግታቸው አስፈራኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ መጣ። አባባ የዳኛውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሐኪሙን አንድ ጊዜ ቆየኝ ልጄ አሉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው በዚያ ምንም በማይሰማ ጆሮው ነገሩት። እንድሰማ ተብሎ አልነበረም፣ እኔ ግን እግሩን ይዤለት ስለነበር ሰማሁ። ታገስከኝ አሉት። ጉልበቴንም ዓይኔንም አንተ ላይ ጫንኩት፣ አንድ ቀን አልከበደህም። እሷ ስትጠይቅ እኔ በአፌ ማለት ያቃተኝ በአንተ ስም ተባለልኝ። አሁን ይበቃሃል፣ ዕረፍ አሉት። ሐኪሙ መርፌውን ሲወጋው ጭራው አንድ ጊዜ ከፋዩን መታ አደረገው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ከሐኪሙ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባባ አላለቀሱም፤ ደረቱ ላይ እጃቸውን አድርገው፣ እስኪቀዘቅዝ አላነሡም።

ከሱቁ ጀርባ አሮጌ ሞላ የምንከምርበት ጥግ ቀበርነው። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ ለውሻ ደግሞ ይለቀሳል እንዴ፣ ሰው ምን ይላል አለን፤ እሱ እንደምታውቂው ሳያሾፍ አይውልም። አባባ ቀና አሉና፣ ሰው ምን ይላል እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ምን አተረፈልኝ አሉት። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ጥቂት ቆይቶ የራሱን አካፋ ይዞ ዞሮ መጣና አፈሩን አብሮኝ መለሰ።

ስንገባ አባባ መነጽሩን አወለቁ። በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አጣጠፉት፣ ባዶዋ ሶፋ ላይ አስቀመጡት። ምነው አልኳቸው። ባለቤቱ ሞቷል፣ የሰው ዕቃ ይዤ አልቀመጥም አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አልነኩትም። በዳበሳ ነው የሚሠሩት፤ አውራ ጣታቸውን በመዶሻ መትተውት ጥፍሩ ጠቁሯል፣ ክር በመርፌ ማስገባት አቅቷቸው በምላሳቸው እያረጠቡ ሲታገሉ ይውላሉ። ትናንት አልቻልኩም፤ በሕይወቴ መጀመሪያዬ ነው፣ ጮህኩባቸው። ውሻ በየት አፍንጫው መነጽር ያደርጋል፣ የማን እንደነበረ እርስዎም እሷም እኔም እናውቃለን አልኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ የላከችው ለእሱ ነው፣ ለእኔ ነው ብላ አታውቅም አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በቀበርነው ማግስት ጡሩምባ የመኪናውን ወንበር ሊወስድ መጣ፤ ስፖንጁ አልቆበት ሞልተንለት ነበር። እንደ ልማዱ፣ ለእነ እህትህ የምትለው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አባባ ከጓሮ ነበሩ። ዓይኔ አብጧል፤ ዳኛው ሞተ በልልኝ፣ ትናንት ቀበርነው አልኩት። ጡሩምባ ኮፍያውን አወለቀ። ነፍስ ይማር አለ፣ አቅፎ ትከሻዬን ሳመኝ፣ ከዚህ ቤት ሌላ ጊዜ ሲወጣ ሰፈሩን በክላክስ የሚያውከው ሰውዬ ያን ቀን ድምፁን ሳያሰማ ሄደ። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ለካ ይህ ሰው ልበ ሩኅሩኅ ነው፣ ለውሻ እንዲህ ያዝናል እያልኩ አመሰገንኩት።

ምሳ ላይ ነው የነቃሁት። ጡሩምባ ዳኛው የሚባል ውሻ አያውቅም። እኛ ዘንድ ሲመጣ በር ላይ ነው ቆሞ የሚመለሰው፤ ዳኛው ደግሞ ከሶፋ አይወርድም ነበር። ጡሩምባ ዳኛውን የሚያውቀው ከእናንተ ቤት፣ ከእናንተ ገበታ ነው፤ ከልጅሽ አፍ፣ አያታችን ዳኛው ስትል ሰምቶ። ጡሩምባ መባሉ በከንቱ አይደለም፤ መንገዱን ሁሉ እያወራው ነው የሚደርሰው። አሁን በቤትሽ ሰው ተሰብስቦ፣ አንቺ ፊትሽን ይዘሽ፣ ልጆቹ ግራ ገብቷቸው ታየኝ።

ለአባባ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። የሚያላምጡትን ጨርሰው እስኪውጡ ቆዩ፣ ውኃ ጠጡ። ከዚያ፣ አለቀሰች ይሆን አሉኝ።

ቀጥለው፣ ልጆቹንም ይዛ ትነሣ ይሆን፣ ለትንሹ መንገዱ ይከብደዋል አሉ። አሁኑኑ ጽፌ ፖስታ ቤት ሳይዘጋ አደርሳለሁ ብዬ ብድግ ስል በእጃቸው አስቀመጡኝ። ጻፍላት፣ እውነቱን ጻፍላት፣ እንድትታለል አልፈልግም አሉኝ። ብቻ ቀስ ብለህ ጻፈው አሉኝ።

አየሽ እታለም፣ ለዚህ ነው ደብዳቤው የረዘመው። በሰላምታው ብቻ አንድ ቀን ፈጅቻለሁ። ብዕሬን ባስቀመጥኩ ቁጥር፣ ጨረስክ እንዴ ይሉኛል፤ ገና ነኝ ስላቸው እፎይ ይላሉ። በር ሲንኳኳም ቀድመውኝ ነው ቀና የሚሉት። ትናንት ያንኳኳችው የሶፋ ልብስ ልታስለካ የመጣች ሴት ነበረች፤ ከወንበራቸው ተነሥተው ሹራባቸውን ሲቆልፉ አየኋቸውና ሌላ ቦታ የማየው ነገር ፈለግሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዳኛው ሳል ይዞታል ብዬ ጽፌልሽ ማር ልከሽ ነበር። ቆይቼ ደግሞ፣ እሳቸው ሳያውቁ፣ ደረቱን ፎቶ አነሡት ብዬ ጻፍኩልሽ። ምን አሉ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ አልመለስኩልሽም። ዛሬም እንዴት ብዬ እንደምመልስልሽ አላውቅም። እስከ ዛሬ የለመድኩት አንድ አጻጻፍ ብቻ ነው፣ እሱም ከሞላው ክምር ሥር ተቀብሯል። ይህን ብቻ ልበልሽ፤ ዳኛው ሄደ፣ ሳሉ ግን እዚሁ ቤት ቀርቷል። የሆስፒታሉ ሐኪም ለብቻዬ አስገብቶ ነው የነገረኝ። አባባ ኮሪደሩ ላይ ኮፍያቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ስወጣ ምን አለህ አላሉኝም፤ ፊቴን አዩና፣ በል እንሂድ፣ ዳኛው ብቻውን ነው አሉኝ።

ሚስማሩን የሚነቅሉት ወንበር የማንም ደንበኛ አይደለም። በስፌት መኪናሽ ፊት የነበረው ወንበርሽ ነው። ያ የተረፈው ከፋይ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል። ለማን ነው ብዬ ሆን ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ባለቤት አለው አሉኝ። ግን የጠርዙን ስፌት ያለ መነጽር እንዴት እንደሚዘልቁት አላውቅም፤ እኔ ልስፋው ብላቸው መስመርህ ጠማማ ነው አሉኝ። እረፍቱም በዝቷል። ትንሽ ይነቅላሉ፣ ትንሽ ይቀመጣሉ።

ስለዚህ የጡሩምባን ወሬ ሰምተሽ ሻንጣሽን አሰናድተሽ ከሆነ፣ ይህን አንብበሽ አትፍቺው። ጥቁሩን ልብስ አትልበሺው፤ ከሻንጣው ግን አታውጪው። ልጆቹን ይዘሽ ነይ፣ ትልቋ የሳለችውን ሰው ትየው። ባለቤትሽም ይምጣ፤ በሩን እኔ ነኝ የምከፍተው። መነጽሩ ትንሿ ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ነው። የማን እንደሆነ አንቺው በአፍሽ ንገሪያቸው፣ ከእኔ አይቀበሉኝም።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ባለቤትሽን በሄደበት ይጠብቅልሽ፤ ለእኛም ጥቂት ቀን ይጨምርልን። አባባ ጨረስክ እንዴ ብለውኛል። ጨረስኩ አልኳቸው። አጣጥፌ ሳሽገው እያዩኝ ነው፤ ነገ ወስጄ ፖስታ እጥለዋለሁ። ደርሶ በርሽ ሥር ሲገባ እናንተ ወደዚህ ተነሥታችሁ ቤቱ ተዘግቶ፣ የሚያነሣው ሰው ባያገኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ታናሽ ወንድምሽ